እስከ ጉልበት ብቻ

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ጠዋት
ሳፋው ሞልቷል። ውሃውን በክርኔ ሞከርኩት። ለብ ያለ። አባዬ ሱሪያቸውን ሰብስበው እግራቸውን አስገቡ። ከጉልበት በታች ብቻ፣ እንዳያቃጥል፤ የደሴው ዶ/ር ያዘዘው እንዲህ ነው። ልባቸው ደክሟል፣ ደም መግፋት አቅቶታል፣ እግራቸው ውሃ ይቋጥራል። ሳፋው ያፍታታቸዋል እንጂ ኪኒኑን አይተካም ብሏል።

ይኸው ከአ.አ. መጥቼ መካነ ሰላም ላይ እግር አጣቢ ሆንኩልሽ፣ ማስታወሻዬ። ደስ ይላል ግን። እግራቸው ሲሞቅ ወሬያቸው ይመጣል። ዛሬ የሰፈሩን ፍቺ በሙሉ ነገሩኝ። ዕድሜያቸውን የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው ይህን ሁሉ ከየት እንደሚሰሙት እንጃ። መጽሔት ላይ የትዳር ምክርና ሐሜት መጻፍ ከማን እንደወረስኩ ገባኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ሰሞኑን ያለ ሳል ያድራሉ። እብጠቱ ጎድሏል። ሐጂ ሙሄ መጡ፤ የአባዬ የልጅነት ጓደኛ፣ ምላሳቸው ስለት። ሳፋውን አይተው፣ “ልጅህ እግርህን ብቻ ነው የምትቀቅል? ድንች እንኳ ሙሉውን ይገባል” አሉ። አባዬ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ወሬው ዞረ። ሐጂ ወገባቸው የተሻላቸው ቆላ ወርደው ፍል ውሃ ውስጥ እስከ አንገታቸው ተዘፍዝፈው ነው። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ደግመው ይወርዳሉ። መኪናው ላይ ቦታ አለ። አባዬ መኪናው በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቁ። ጥያቄያቸውን አልወደድኩትም።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከሰዓት
እብጠቱ ተመለሰ። በጣቴ ስጫነው ይሰረጉዳል። ትራስ ደራርበውም መተኛት አልቻሉም። ውሃውን አሙቄው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ፣ ራሳቸው እንደ ቀልድ ነገሩኝ። የሚያሸናቸውን ኪኒን ትተውታል። እግሬ ከጎደለ ለምኔ ነው፣ ደግሞም ሽንቱ ለቁርኣኑ የታጠብኩትን እያፈረሰ ውዱእ አያስቆየኝም አሉ። ልጆቹ ቁርኣን ይዘው ፊታቸው ተቀምጠው እሳቸው በየጊዜው ይነሳሉ፣ በዚህ ብርድ ይታጠባሉ፣ ገና ሳይቀመጡ ደግሞ ያስነሳቸዋል። ልጆቹን አፍረዋል።

የውዱእ ውሃ አሞቅልዎታለሁ አልኩ። ለታመመ ሰው ዲኑ ያቀልለታል፣ አንቱ አይደሉ እንዴ ያስተማሩት አልኩ። “ለሌላው ነው ያስተማርኩት” አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። ሐሙስ ከሐጂ ጋር ይወርዳሉ። ቆርጠዋል።

ሰኞ፣ ኅዳር 15
ዶ/ሩ ጋ ደወልኩ። አይሞከርም አለ። እስከ አንገት ሲገቡ ደሙ ሁሉ ወደ ደረት ይገፋል፣ የደከመ ልብ አይችለውም። ሙቀቱ ደግሞ ግፊታቸውን ድንገት አውርዶ እዚያው ውሃው ውስጥ ራሳቸውን ሊያስታቸው ይችላል። ኪኒኑን ዛሬውኑ ይጀምሩ፤ ትንፋሻቸው ካልተሻለ ደሴ አምጪያቸው። ሁሉንም ለአባዬ ነገርኩ። ዶክተሩ ስንት ዓመቱ ነው አሉኝ። ኪኒኑን ግን ዋጡ። ፊቴን አይተው መሰለኝ።

አብሬ ልውረድ? ምን ሊረባ። የወንዱ ገንዳ ለብቻ፣ የሴቱ ለብቻ። እሳቸው ውስጥ ሲዝሉ እኔ ውጪ ጫማ ልጠብቅ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። 9 ሰዓት
ቦርሳ አዘጋጅተዋል። ፎጣ፣ ሽርጥ፣ መቁጠሪያቸው ሙስበሃ። ኪኒኑ የለም። ከተትኩት። አወጡት። መንገድ ሙሉ ‘ሾፌር፣ አቁምልኝ’ ልል ነው? አሉ። ጮህኩባቸው። በአባዬ ላይ። ስንቱን ባልና ሚስት በመጽሔት አስታርቄ።

11 ሰዓት
ከሐጂ ሙሄ ቤት መመለሴ ነው። ነገ መኪናው በደጃችን ሳይቆም እንዲያልፍ ለመንኳቸው። ኪኒኑን መተዋቸውንም፣ ዶ/ሩ ያለውንም ነገርኳቸው። አልቀለዱም። “ጥለኸኝ ሄድክ ሲለኝ ምን ልበለው፣ ልጄ?” አሉ። እሷ ናት ያስቀረችህ ይበሏቸው አልኩ። የለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ኪኒኑን መተውህን ሳልሰማ ነው መኪና ላይ የጠራሁህ እለዋለሁ አሉ።

አባዬ አሁን ከመኝታ ቤት ይጠሩኛል። ጋቢዬን ለነገ አውጪልኝ ይላሉ። አልተነሳሁም። ነገ ሲያውቁ ይቀየሙኝ። ተቀይመውም ቢሆን ይኑሩልኝ።