አያትሽ ያቀለለው ላፕቶፕ

የካቲት 9 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለጭራሮዬ፣

ስደውልልሽ እንደማታነሺ ስላወቅሁ ወደ ወረቀት ዞሬያለሁ። ወረቀት መቼም ጆሮዬ ላይ አይዘጋም። እናትሽ ከኋላዬ ቆማ ታነባለች፤ «ደህና ነኝ» ብዬ ስጀምር ጉሮሮዋን ጠረገች። ሻይ አፍልተሽ ነይ ብዬ አባርሬያታለሁ። እንግዲህ ደህና ነኝ።

ፈተናውን መውደቅሽን የነገረችኝ እሷ ናት። «መምህራኑ ፊት ቆማ የሕንፃዋን ንድፍ ልታሳይ ስትል ላፕቶፑ ግሎ ጠፋባት፤ ብታበራው መልሶ ጠፋ» አለችኝ። ጠጋኙም ቢከፍተው ማራገቢያ የለውም። «ማን አወጣው?» ሲልሽ ምን ብለሽ መለስሽለት? ሌባ ብለሽው ከሆነ አልቀየምም። አያቴ ካልሽው ግን አፈርኩ።

እንዴት እንደሆነ ከእኔው ስሚ። ያ የተሰበረ ትከሻሽ ሸክም እንደማይችል እያወቅሁ፣ ለትምህርት ወደ ውጭ ልትሄጂ ሰሞን ያንን የእናትሽን የቢሮ ላፕቶፕ አንግተሽ ስትንገዳገጂ አየሁሽ። «አባባ፣ ይሄ ላፕቶፕ ነው ወፍጮ?» አልሽኝ። «አምጪው፣ አከሳልሻለሁ» አልኩሽ። የሲዲ ማጫወቻውን አብረን ነው ያወጣነው፤ እኔ እየፈታሁ፣ አንቺ ብሎኑን እየለቀምሽ። ከባዱንም ዲስክ አውጥተን ቀለል ያለ ተካንበት። ሚዛን ላይ አስቀምጠን መርፌው ሲወርድ ሳቅሽና «ይበቃል አባባ» አልሽ።

እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ። ዕድሜ ልኩን የባለሱቆችን ሚዛን ሲጠግን የኖረ ሰው መቼ ይበቃዋል! አንቺ አክስትሽን ልትሰናበቺ ስትሄጂ መልሼ ከፈትኩት። አንዲት ማራገቢያ አገኘሁ፣ ከጎኗም የመዳብ ቱቦዎች። ማራገቢያ መሆኗ አልጠፋኝም፤ ገና አልታወርኩም። ነገር ግን «እዚያ አገር ብርዱ አጥንት ይገባል» እያልሽ ሹራብ በሹራብ ላይ ስትጠቀልዪ አይቻለሁ። ሰው በካፖርት ለሚንቀጠቀጥበት አገር ማራገቢያ ምን ያደርጋል? አወጣኋት። ወፍራሙንም ቱቦ አነሳሁ። ባበራው በራ፤ ትንሽ ጻፍኩበት፣ ዝም አለ። ሕንፃ ሲሳልበት እንደሚነድ በምን አውቄ? ሰው መጠየቅ እችል ነበር፤ ጉራ ግን ጥያቄ አያውቅም።

«ምን አደረግህበት? ላባ ሆነ እኮ!» ብለሽ አቀፍሽኝ። እኔ ደግሞ «የባለሙያ ምስጢር ነው» ብዬ ጢሜን ጠመዘዝኩ። የሚቆጨኝ ከሁሉ በላይ ያ እቅፍ ነው። ቢመለስ እመልስልሽ ነበር።

ማራገቢያዋንና ቱቦዋን ልኬልሻለሁ። የሠፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው ያሸገልኝ፤ «አባት፣ እርስዎ ሚዛንዎን ይጠግኑ፣ ይሄንን ለእኛ ይተዉልን» አለኝ። ባለጌ ነው። ያለው ግን ልክ ነው።

ሚዛኑንስ መች ጠገንኩት? ሱቁን ዘግቻለሁ፤ ቆሜ መሥራት ደከመኝ። ትልቁን የጆንያ ሚዛን ከመሸጤ በፊት ለጨዋታ ብዬ ወጣሁበትና መርፌውን አላመንኩትም፤ ዕድሜ ልኬን የሌላውን ሚዛን ሳስተካክል የራሴን አበላሽቼ ይሆናል ብዬ ደጋግሜ ወጣሁበት። እናትሽ ቀበቶዬ ላይ በጋለ ምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳችልኝ። ሐኪም ቤትም ወሰደችኝ፤ ውጤቱን ሐኪሙ የነገረው ለእሷ ነው፣ በር ዘግቶ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «አቧራ ነው» አለች። ኮሪደሩ ግን ተወልውሎ ያበራ ነበር። እኔም «አዎ፣ አቧራ ነው» አልኳት።

ፈተናውን እስክትደግሚ ድረስ ለዕረፍት እንደማትመጪ ሰምቻለሁ። ልክ ነሽ፤ ትምህርትሽ ይቅደም። ይቅር በይኝ ብዬም አላስጨንቅሽም፤ ዓመትሽን ነው ያቃጠልኩት። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ደውለሽ ስደቢኝ። «አንተ ሽማግሌ፣ ማን ንካ አለህ?» በይኝ። ስድብ እችላለሁ፤ ዝም ስትዪኝ ነው ያቃተኝ። ንዴቴ ይብረድ፣ ፈተናዬም ይለቅ ብለሽ ግን አትቆዪ፤ እንደተናደድሽ ደውዪ። በዚህ ሳምንት ቢሆን ጥሩ ነው።

ትከሻሽ ይጽና። የምትስዪው ቤት ሁሉ ሰው የሚስቅበት ይሁን። የእኔ እጅ ያበላሸውን የአንቺ እጅ ያቃናው። እርጅናሽ እንደኔ ችኩል አይሁን።

ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ የሚተኛው
አያትሽ