የማሽኑ ነው ያልኩት ቁራጭ

ውድ እታለም፣

ማሽኑን ለሐኪሞቹ ባሳየሁበት ዕለት በማስታወሻ ደብተሬ የጻፍኩት ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ማሳያው ተሳካ»። ሦስት ወር ሙሉ ያንን ገጽ እየዘለልኩ ኖሬያለሁ። የቀረውን ላንቺ ልጻፈው።

ሐኪሞቹ ላቦራቶሪያችሁ ከመግባታቸው በፊት የምሸጠውን አዲስ ማሽን ሞከርኩት። ከበሽተኛ ተወስዶ በሰም የረጋውን ናሙና እጅ ሳይነካው ስስ አድርጎ ይቆርጣል ብዬ የለፈፍኩለት ማሽን ሦስት ጊዜ ቀዳደደው። አጠገቤ ቆመሽ ሳቅሽ።

«አንተ ነጋዴ፣ ሰሙ እኮ ደርቆበታል። ትንፋሽ ይፈልጋል።»

«እስቲ አንድ ቁረጪልኝ፣ ለማወዳደር ነው።»

ወደ አሮጌው መቁረጫሽ ወሰድሽው። ሰሙ ላይ ሁለቴ «ሃ» ብለሽ ተነፈስሽና እጀታውን ቀስ አድርገሽ አዞርሽ። ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቁራጭ ለብ ያለው ውሃ ላይ ተንሳፈፈ። በመስታወት ስላይድ አንስተሽ ሰጠሽኝ፤ «እንካ ወንድምዓለም፣ እንዳታበላሻት።»

በማይክሮስኮፕ ለሐኪሞቹ ያሳየኋት እሷን ነው። «የማሽኑ ናት» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ኃላፊው ቀና ብለው «ታዲያ እጅ ምን ያደርግልናል?» አሉ። አንቺ ውሃው አጠገብ ነበርሽ። አየሽኝ፤ እጅሽን በጋውንሽ ጠረግሽና ዝም አልሽ።

በወሩ መዝገብ ቤት አዛወሩሽ። እናታችን ምነው ብትልሽ «ዓይኔ ደክሞ ነው» አልሻት። እኔ ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ ምሳዬን እበላ ነበር።

ትናንት ኃላፊው ደወሉልኝ። ማሽኑ የአንዲት ሴት የጡት ናሙና ቀዳዶ ጨርሶታል፤ ሴትዮዋ ለሌላ ናሙና እንደገና መርፌ ልትወጋ ነው። «ያን ቀን እንዴት አሳምሮ ቆረጠ?» ሲሉኝ «ሠራተኞቻችሁ ሥልጠና ያንሳቸዋል» አልኩ። ይህንንም አልኩ፣ እታለም። ስልኩን ስዘጋ ያን የምዘለውን ገጽ ገለጥኩት።

ዛሬ ጠዋት ቢሯቸው ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እህትህ ናት?»

«አዎ።»

«አውቃ ነው ዝም ያለችው?»

«ለእኔ ብላ ነው» አልኳቸው። ቁራጯ ያንቺ መሆኗን ጽፌ ፈርሜያለሁ፤ ማሽኑንም አነሳለሁ። ወደ ክፍልሽ ይመልሱሽ እንደሆን ስጠይቃቸው «እናያለን» ነው ያሉኝ።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። ብጠይቅሽ እሺ እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ ያን ቀንም የተማመንኩት በዚሁ ነበር።

ያሳፈረሽ ወንድምሽ