የደህና ልጆችን ጉበት ያዩ የነበሩት ሲስተር የብርጓል አማረ

ሲስተር የብርጓል ከአባታቸው ከአቶ አማረ እንዳላማውና ከእናታቸው ከወ/ሮ አይናለም ፈቃዱ በ1974 ዓ.ም. በይጁቤ ተወለዱ። በይጁቤና በደብረ ማርቆስ ተምረው በ1995 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁ። በ2001 ዓ.ም. ከመምህር ባምላኩ ኃይለ ሚካኤል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ወንጌላዊትንና ሂዊን ወለዱ። በ2010 ዓ.ም. የአልትራሳውንድ ሥልጠና ሲገቡ «ሴት ማሽን ታበላሻለች» ያሉ ነበሩ፤ ማሽኑ ዛሬም ይሠራል።

በ2013 ዓ.ም. በሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ የጤናማ ልጆችን የጉበት የደም ፍሰት እንዲለኩ ተመደቡ። የደህናው ልክ ካልታወቀ የታመመው በምን ይለያል? ልጆቹ ሳይበሉ መታየት ነበረባቸውና ሲስተር «ቆርበው ሲወጡ ሆዳቸው ባዶ ነው» ብለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠሯቸው። ካህን ሳያማክሩ ማድረጋቸው ስህተት ነበር። እናቶቹ በቆረበ ገላ ላይ የማሽኑ ቅባት ሲቀባ አይተው ደነገጡ። ማሽኑ የደሙን ድምፅ ሿ ሿ ሲያደርገው ደግሞ ክፍሉ ታመሰ። ወ/ሮ ሥራነሽ ልጃቸውን ከአልጋው ነጥቀው፣ «ሲስተር፣ ደህና ልጅ ላይ ምን ይፈልጋሉ? የፈለገ መቼ አጥቶ ያውቃል!» አሉ። በሚቀጥለው እሑድ አንድም ሰው አልመጣም።

ሲስተር ቄሰ ገበዙን ይቅርታ ጠይቀው ቀኑን ወደ ማክሰኞ ጠዋት አዛወሩ። እናቶቹ እያዩም መጀመሪያ የራሳቸውን ሂዊን አስተኙ። ማሽኑን ከማሳረፋቸው በፊት ደጋግመው አማተቡ። ሂዊ ደህና ሆነች። ወ/ሮ ሥራነሽም «እርስዎም ይፈራሉ ለካ!» ብለው ልጃቸውን አቀረቡ።

በ2017 ዓ.ም. ቀኝ ጎናቸውን ያማቸው ጀመር። «ጨጓራ ነው» እያሉ ከባለቤታቸው ደበቁ፤ የሰው ልጅ የሚያስተኙበትን አልጋ እሳቸው ሸሹት። ሥራውን ያስተማሯቸው አቶ ይታያል ለምነው ለምነው ባዩዋቸው ጊዜ ጉበታቸው ከሕክምና አልፎ ነበር። ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ43 ዓመታቸው ከባለቤታቸውና ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ተለዩ።

በሽታው የጉበት ቫይረስ ስለሆነ ከእናት ወደ ልጅ ሊተላለፍ እንደሚችል ተነግሮናል። የወንጌላዊትና የሂዊ ደም ገና አልተመረመረም። «በኀዘን ላይ ምን ያጣድፋል?» የሚሉ ዘመዶች አሉ። መምህር ባምላኩ ፈርተዋል፤ ሁላችንም ፈርተናል። ቢሆንም ከሰልስት ማግስት ሁለቱም ይመረመራሉ። እናታቸውን ቀብረን የእሳቸውን ፍርሃት ይዘን ቤት አንገባም።

አምላከ ቅዱሳን ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ እናቶች ጎን ያሳርፍልን፤ ስለ ልጆቻቸውም ደህና ወሬ ያሰማን።