በደጃችን ስላለፈው የግድብ ውሃ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የግድቡ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ
አዳማ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለማያልቀው ስብሰባዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። የኦቦ ዱጋሳ ልጅ ገላኔ ነኝ። አባቴን ረስተዋቸው ይሆናል፤ እርሳቸው ግን እርስዎን አልረሱም።

አንደኛ፣ ቤታችን ድረስ መጥተው ስላከበሩን አመሰግናለሁ። መንደራችን ለግድቡ አልነሣም ባለ ጊዜ፣ እርስዎ ጫማዎን አውልቀው ምንጣፋችን ላይ ተቀምጠው፣ እርጎአችንን እየጠጡ፣ «አባባ፣ እርስዎ ጎረቤቶችዎን ያሳምኑልኝ እንጂ ውሃው ከማንም በፊት የሚገባው እናንተ ቤት ነው» ብለዋቸው ነበር። አባቴም አምነው በየቤቱ እየዞሩ ለመኑ። የባሌን መቃብር ትቼ አልሄድም ያለችው ጎረቤታችን ሀኒያ እንኳ በመጨረሻ በእርሳቸው ቃል ተነሣች። እርሻችንም መቃብሩም ውሃ ውስጥ ገቡ።

ሁለተኛ፣ በአዲሱ ሰፈራችን ስለተመረቀው ቦኖ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሪባኑን ቆርጠው ቧንቧውን ሲከፍቱት ውሃው ፏ አለ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አባቴም መረቁዎት። እንግዶቹ ሲሄዱ ግን ከቦኖው ጀርባ ቆሞ የነበረው የውሃ ቦቴ አብሯቸው ሄደ፤ ውሃውም ከእሱ ጋር። ትልቁ ቧንቧ በደጃችን ተቀብሮ ወደ ፋብሪካዎቹና ወደ ሆቴሎቹ እንደሚያልፍ የሰማነው ቆይተን ነው። ጸጥ ባለ ሰዓት ጆሮአችንን መሬት ላይ ስናደርግ ሲወርድ ይሰማናልና፣ ስለ ድምፁም እናመሰግናለን።

ሦስተኛውን እንዴት እንደምጽፈው ቸግሮኛል። ሀኒያ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ከበራችን ቆመች፤ አልጮኸችም። «ዱጋሳ፣ እኛ ያመንነው ቢሮውን አይደለም፤ አንተን ነው» አለቻቸው። አባቴ በማግስቱ የክት ኮታቸውን ለብሰው ቢሮዎ ደጃፍ ተቀመጡ። ክቡርነትዎ ሲወጡ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። እርስዎም በአጠገባቸው አልፈው ጥበቃውን «እኚህ ሽማግሌ ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

አባቴ ከዚያ ወደ ቤት አልመጡም። ጀሪካን ተውሰው በቀጥታ ወደ ግድቡ ሄዱና በአጥሩ ሥር ሾልከው ለሀኒያ ውሃ ሲቀዱ ተያዙ። ክልክል መሆኑ ሲነገራቸው፣ እርሻቸው የነበረበትን ቦታ በውሃው ላይ በጣታቸው አሳዩ ይባላል። ፖሊስ ጣቢያ አደሩ። ሲፈቱ በሩ ላይ የጠበቀቻቸው ሀኒያ ናት፤ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ቤት አመጣቻቸው። መንደሩም ይቅር ብሏቸዋል። እርሳቸው ግን ራሳቸውን ይቅር አላሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው፣ ዛሬ ለሽምግልና ሲጠሩ «የእኔን ቃል ውሃ በልቶታል» ብለው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ።

ከሰው ቤት የወሰዱት ቃል ለእርስዎ ሹመት ስለሆነልዎ ደስታዬን እየገለጽኩ፣ ግድብዎ ሞልቶ፣ ወንበርዎም ጸንቶ እንዲኖር በመመኘት፣ ከደረቀው ቦኖ አጠገብ እጅ የምነሣ፣

ገላኔ ዱጋሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባቴን ሊጠይቁ ቢመጡ በራችን ክፍት ነው። ለእንግዳ የምናቀርበው የእጅ ውሃ ስለሌለን ግን፣ በትሕትና እለምንዎታለሁ፣ እጅዎን ታጥበው ይምጡ።