የዘጠነኛ ክፍሉ ቆርቆሮ

ሾላ ሜዳ፣ አምባሰል
ጥር 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለራዚያ ሀሚዱ
ባለሽበት፣ ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም የኔ ልጅ። ሰላምታውን ያስቀደምኩት ሰላምታ የአላህ ስለሆነ ነው እንጂ እኔስ ተናድጃለሁ። ደህንነትሽን ከመጠየቄ በፊት ቁጣዬን ባወጣው ደስ ይለኝ ነበር፤ እናት ነኝና አልሆነልኝም። ደህና ነሽ ወይ? እህል ትቀምሻለሽ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። አባትሽ ደህና ነው፤ አሪፋ ደህና ናት፤ ቤቱም አልተቃጠለም። ላሟን ታጣቂዎቹ አርደው በሏት፤ ጥጃዋ ግን ተርፋለች።

ስልኩ ገና አልተቀጠለም። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ የሐይቁ ሙዘይን ነው፤ እናንተ ጎረቤት ሹፌር ሆኖ የሚሠራው። እናቱን ሊያስታምም መጥቶ መንገዱ ተዘግቶበት እዚሁ ከረመ፤ አሁን ወደ ሥራው ሊመለስ ነው። የምጽፈውም እኔው ነኝ፣ በልጅነቴ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል። አሪፋ ልጻፍልሽ ብላ ነበር፤ እምቢ አልኳት። እናት ልጇን ስትቆጣ ጸሐፊ አትቀጥርም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ኸሚስ ቤቴ መጥቶ ነበር።

የትኛው ኸሚስ እንዳትዪኝ። ደላላው ኸሚስ፣ አንቺን ይዞ የሄደው። ጦሩ ከወጣ ገና እንባችን ሳይደርቅ ከውጫሌ በባጃጅ ከች አለ። ሰው ለቅሶ ሊደርስ የመጣ መስሎት ከመቀመጫው ተነሳለት። እሱ ግን አሪፋን ወደ ጓሮ ጠርቶ፣ “እህትሽ ሁሉንም ጨርሳልሻለች፤ ፓስፖርቱ ላይ ዕድሜሽ ሃያ ሦስት ነው የሚባለው፤ ሰኞ ጠዋት መጥቼ እወስድሻለሁ” አላት። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው ራዚያ! ለካ ስልኩ ሳይቆረጥ አንቺና ኸሚስ ተነጋግራችሁ ጨርሳችኋል። እኔ ስደርስ ልብሷን በፌስታል እየከተተች ነው።

“ወዴት ነው?” አልኳት።

“እቴ ጠርታኛለች።”

“እኔስ ማን ነኝ?”

“እማ፣ ምን ልሁን ታዲያ? ዘጠነኛ ተዘጋ አይደል? ውጫሌ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን ላድር ነው?”

ዘጠነኛ ተዘጋ ያለችው እውነቷን ነበር፤ ከኸሚስም ካንቺም በላይ ያንገበገበኝ እሱ ነው። ነገሩ እንዲገባሽ ከሥሩ ልንገርሽ፤ አንቺ ስትሄጂ እዚህ ዘጠነኛ አልነበረማ።

አንቺ ስምንተኛን አንደኛ ወጥተሽ ስትጨርሺ ትምህርት ቤቱ እዚያው ላይ አለቀ። ያን ክረምት “ውጫሌ ብቻዋን አታድርም” ማን እንዳለ አሁን አላነሳውም። መንታ መንገድ ላይ እንደቆመ ሰው ግራ ገብቶሽ ነበር፤ ኸሚስም ያን ጊዜ ነው የመጣው። በዓመቱ አገሩ ለውጥ መጣ ብሎ ሲጨፍር እኛ ሾላ ሜዳዎች የጠየቅነው መንገድ አልነበረም፤ መብራትም አልነበረም። አንድ ክፍል ጨምሩልን ነው ያልነው። ድንጋዩን ወንዶቹ ፈለጡ፤ ለጭቃው ውኃ ያመላለስነው እኛ ሴቶቹ ነን። አባትሽ “ላንዲት ክፍል እንዲህ ትሞቻለሽ?” ሲለኝ እንስራዬን አዝዬ ሄድኩ። ለምን እንደሆነ እሱም ያውቃል።

የዚያችን አንዲት ዓመት ጥቅም ሳላያት አላውቀውም ነበር። ስምንተኛ ላይ ልጁ የሚማረው ለሚኒስትሪ ፈተና ነው፤ ሲፈተን ይረሳዋል። ዘጠነኛ ላይ ግን የሚያሳድደው ፈተና የለም፤ ስለዚህ መጠየቅ ይጀምራል። ደግሞስ ውጫሌ ዘጠነኛ ማለት ምንድን ነው? ከግቢው ሁሉ ታናሽ፣ የማንም መሳቂያ። እኛ ዘንድ ግን የግቢው አውራ ናቸው። ደወሉን የሚደውሉ እነሱ፣ ሰልፍ የሚያስይዙ እነሱ፣ ወንዙ ሲሞላ አንደኛ ክፍሎቹን በእጃቸው ይዘው የሚያሻግሩ እነሱ። መምህር ሙላት ለያንዳንዱ ዘጠነኛ አንድ አንደኛ ክፍል ይሰጡታል፤ ልጅህ ነው ይሉታል። ያ ሕፃን ከቀረ የሚጠየቀው ዘጠነኛው ነው።

ሰርካለምን ታስታውሻታለሽ፣ እንግዳ ሲመጣ በር ሥር የምትደበቀውን? ዘጠነኛ ስትደርስ ከጓደኞቿ ጋር የላይኛውን ምንጭ ሲያጠኑ ከርመው፣ ሰኔ ላይ ሾላው ሥር ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ፣ “አባቶቼ፣ ልጆቻችሁን የሚያሳምመው ከብት የሚገባበት ውኃ ነው፤ እንጠረው” አለች። ታጠረ። የዘጠነኞች ዱዓ የምንለው ይሄን ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ለአገሩ የሚጠቅም አንድ ሥራ ያሳያሉ፤ ከዚያ ምንጣፍ ተነጥፎላቸው ይቀመጣሉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይመርቃቸዋል፤ እናት እናት ለልጇ አዲስ ሻሽ ትደርብላታለች። እንዲያ ተመርቃ የወጣች ልጅ ውጫሌ አሥረኛ ስትገባ ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ፣ ቀና ብላ ነው የምትሄደው። ኸሚስ ከነዚያ ውስጥ አንዷንም አልወሰደም። አልደፈራቸውማ! ስምንተኛ ላይ ያለቀባትን ነው የሚፈልገው።

ጦሩ በጥቅምት ሲቃረብ መምህር ሙላት ሕዝቡን ሰበሰቡ። “ትምህርት ቤት እየዘረፉ ነው የሚመጡት፤ ሁሉንም ባንችል ዘጠነኛን እናድን” አሉ። ቆርቆሮው ወረደ፤ ዴስኩም ተነሳ። ቤት ለቤት ተከፋፍለን ቆርቆሮውን ጭድ ውስጥ ቀበርነው። ዴስኩ ግማሹ መስጊድ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ገባ። ጥቁር ሰሌዳውን መምህር ሙላት ከፍራሻቸው ሥር አድርገው ተኙበት። ታጣቂዎቹ የሌሎቹን ክፍሎች በር ማገዶ አደረጉት፤ መጽሐፉን አነደዱት። እኛ ጓሮ ጭዱ ላይ ተጋድመው ሲያወሩ እኔ ከቁርኣን ሱረቱል ኢኽላስን እየቀራሁ ነበር። አላህ ሸሸገው፣ ማንም ሳይነካው ሄዱ።

ከጠላት የተረፈውን የራሳችን ወንዶች ሊያጠፉት ነበር። ሊቀመንበሩ ባዬና አባትሽ፣ አዎ የገዛ አባትሽ፣ ተማከሩ። “ቆርቆሮውን አሁን አናውጣ፤ ባዶ ግድግዳ ካዩ አዲስ ይሰጡናል፤ በአሮጌው ሌላ ሁለት ክፍል እንከድናለን” ተባባሉ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ጉዳት ሊያይ ከወረዳ የመጣው ሰውዬ ግድግዳውን ዞሮ አየ። “ቆርቆሮውስ?” ሲል፣ ባዬ አንገቱን ደፍቶ “ወደመ” አለ። ሰውዬውም፣ “እንዲህ ከሆነማ ዘጠነኞቹ ወደ ውጫሌ ይዛወራሉ። በአዲሱ ሥርዓትም ቢሆን ዘጠነኛ የሁለተኛ ደረጃ መጀመሪያ እንጂ የዚህ መጨረሻ አይደለም። ሰኞ መጥቼ ልጆቹን እመዘግባለሁ” ብሎ ሄደ። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቆርቆሮው አለ እንዳይሉ ውሸታቸው ሊወጣ ነው፤ የለም ብለው እንዳይጸኑ ክፍሉ ሊሄድ ነው። ተነስተው ወደየቤታቸው ገቡ። ኸሚስ ይሄን ሰምቶ ነው በማግስቱ የመጣው፤ ጥንብ አንሣ ሽታውን ያውቃል።

አሪፋ ፌስታሏን ስታስር ትቻት ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጭዱን በእጄ ቧጥጬ ቆርቆሮዬን አወጣሁና በራሴ ተሸክሜ በመንደሩ መሃል መንገድ ሄድኩ። አባትሽ ከኋላዬ እየሮጠ፣ “አንቺ ሴትዮ፣ ልታዋርጂን ነው ወይ? ባዬ ውሸታም ሊባል ነው እኮ!” አለኝ።

“ይባላ! ዋሽቶ የለ?” አልኩት። “ተዋርደን ዘጠነኛ ይኑረን፤ ተከብረንማ ልጅ አለቀብን።”

ትምህርት ቤቱ ግቢ ደርሼ ቆርቆሮውን ስጥለው ጩኸቱ ተራራው ድረስ ተሰማ። መምህር ሙላት ወጥተው አዩኝና ሰሌዳቸውን ሊያመጡ ገቡ። ከዚያማ ሴቱ ሁሉ ጭዱን ይፈነቅል ጀመር። ሲመሽ አባትሽ ራሱ ሁለት ቆርቆሮ ተሸክሞ መጣ። አላናገርኩትም። እስካሁንም በደንብ አላናገርኩትም።

ሰኞ ያ ሰውዬ ሲመጣ ክዳኑ ተጋምሷል፤ ዘጠነኞቹ ጣሪያው ላይ ሆነው ምስማር ያቀብላሉ። አሪፋም ፌስታሏን ቤት ትታ ከነሱ ጋር ወጥታለች፤ እኔ ውጪ አላልኳትም።

“ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?” አለ ሰውዬው።

“ከጭድ ውስጥ” አልኩት። “ጌታው፣ ዋሽተንዎታል፤ አውፍ ይበሉን። ግን ያሉትን አልረሳሁም። ዘጠነኛ ለናንተ መጀመሪያ ይሁን። ለኛ ልጅ ከናቷ ቤት እያደረች የምትማረው መጨረሻ ነው። እቺን አንዲት ዓመት ከወሰዱብን ተከትሏት የሚመጣው ሌላ ነው፤ ያው ይስሙት።”

እውነትም የኸሚስ ባጃጅ ከታች ጡሩምባውን እያንባረቀ ነበር። ሁላችንም ወደ ጣሪያው አየን። ራዚያ፣ ጦሩ ሲገባ እንኳ እንዲያ አልፈራሁም። ብትወርድ አልይዛትም ነበር፤ ምን ብዬ እይዛታለሁ? አሪፋ ጡሩምባውን ሰማች፣ ምስማሩን ከጥርሷ አወጣች፣ ወደ ታች ጮኸች፦

“ኸሚስ! ዘጠነኛ ስጨርስ ና! ያን ጊዜ እምቢ የምልበትን በደንብ ተምሬ እጠብቅሃለሁ!”

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬውም ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ፤ ከዚያ “ለዘንድሮ ብቻ” አለ። ለከርሞ አላህ ያውቃል። ትምህርት ተጀምሯል፤ አሪፋም አንድ ሕፃን ተሰጥቷታል፤ ከኔ በላይ ትቆጣዋለች።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት እንድታፍሪ ነበር። ግን ሙዘይን ደብዳቤውን ሊወስድ መጥቶ ቁጭ ባለበት ስላንቺ ጠየቅኩት። እጅሽ በበረኪና ተልጦ እንደነበር ነገረኝ። መንገድ ላይ ያገር ሰው መሆኑን ስታውቂ እጀጌውን ይዘሽ እንዳለቀሽ፣ ያችም እመቤትሽ እስክትጠራሽ አልለቅ እንዳልሽው ነገረኝ። ለኛ ስትደውዪ ግን ሁሌ “አብሽሪ እማ፣ ደልቶኛል” ነው የምትዪኝ። አሁን ገባኝ። አሪፋን የጠራሻት ለሥራ አይደለም። ብቻሽን መሆን ሰልችቶሽ ነው።

እሷን አልሰጥሽም። ልቀቂያት። አንቺ ነይ።

ሻሹን ልንገርሽ። የመጀመሪያዎቹ ዘጠነኞች ሲመረቁ እኔም ከውጫሌ ገበያ ሻሽ ገዝቼ ሄጄ ነበር። “ለማን ነው?” ሲሉኝ መልሼ ከመቀነቴ ሥር ከተትኩት። በየዓመቱ ይዤው ሄጃለሁ። ባለፈው ሳምንት አሪፋ ከሣጥን አውጥታ “ይሄ ለሰኔ ለኔ ነው?” አለችኝ። አዎ አልኳት። ገልጣ አየችው፤ ጫፉ በመቆየት ቢጫ ብሏል። “ውሸትሽን ነው፣ የእቴ ነው፤ ለኔ ሌላ ግዢ” ብላ አጥፋ መለሰችው። ስለዚህ አሁን ሣጥኔ ውስጥ ሁለት ሻሽ አለ።

መምህር ሙላትን ጠየቅኳቸው። የስምንተኛ ውጤትሽ አለ፣ ትምጣና ትቀመጥ አሉኝ። ዕድሜዬ አልፏል እንዳትዪኝ። ኸሚስ በአሪፋ ላይ ስምንት ዓመት መጨመር ካላቃተው እኛም ካንቺ ላይ መቀነስ አያቅተንም። ለዘንድሮ ባትደርሺ ለከርሞ ዘጠነኛን እንዳይነኩብን ያችን ቆርቆሮ ተሸክሜ ወረዳው ድረስ እሄዳለሁ።

አላህ እጅሽን ያሽርልሽ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ እመቤት ይሸሽግሽ፣ ያን ቆርቆሮ እንደሸሸገልን። ባሕሩን በሰላም አሻግሮ እደጄ ላይ ያቁምሽ፤ እኔ ሳልሞት፣ አባትሽንም ሳልታረቀው፤ አንቺ ታስታርቂናለሽ።

ቁጣዬ አልወጣልኝም። የቀረውን ስትመጪ ፊት ለፊት ትሰሚዋለሽ።

እናትሽ ሀውራ