ለዘንዶው የሚበቃ ቁመት

ይድረስ ለምወድሽ፣ እኔን ከመቆጣት ቦዝነሽ ለማታውቂው ልጄ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከእንቅልፍሽ ይቀሰቅስሻል? እህትሽስ ደህና ናት? አሁንም እንግዳ ሲመጣባት ፎጣ በቀለም እየለየች ታድላለች? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል፤ ደረጃ ስወጣ ይንቋቋል፣ ስወርድ ያጉረመርማል። የደም ግፊትህን ተለካህ ወይ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ተለክቻለሁ። ስንት ሆነ ብለሽ ግን አትጠይቂኝ። ልጆቹ ደህና ናቸው። አባታቸውም ደህና ነው፤ አልጠየቅሽም እንጂ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን በደወልሽ ቁጥር ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እኔ ጋ የሚደርሰው እንደ ምጣድ ግሎ ነው። መካከለኛዋ ልጅሽ ደግሞ፣ ጠበቃዋ ማለቴ ነው፣ በስሟ የሚጠራት ሰው ቀርቷል፣ ጆሮዋን ከጉንጬ ጋር ታጣብቃለች። ባልሽም ያንቺን ድምፅ የሰማ እንደሆነ የታጠበ ሰሃን እንደገና ያጥባል። እንደኛ ንጹሕ ሰሃን ያለው ቤት በዚህ ሰፈር የለም። ስለዚህ መነጽሬን አጠለቅሁ፣ የስፌት መኪናዬ ላይ የተከመረውን ጨርቅ አነሳሁ፣ እሷኑ ጠረጴዛ አድርጌ ይኸው እጽፍልሻለሁ።

አንቺ «ትንሽ ልራቅ፣ ልረፍ» ብለሽ እህትሽ ዘንድ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ዝም ብሏል። ልጆቹ ይጮኻሉ፣ በር ይወረወራል፣ ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል፤ ቤቱ ግን ዝም ብሏል። ይህን ዝምታ ይሰብርልኛል ብሎ ነው መሰለኝ፣ ባልሽ አንድ ቀን እራት ላይ ማንኪያውን አስቀምጦ «ትምህርት ሲዘጋ ሁላችንም መዝናኛ ፓርክ እንሄዳለን፤ እዚያው ሆቴል እናድራለን» አለ። ልጆቹ ጣራውን ሊያነሱት ደረሱ። እኔ «ሁላችንም» ሲል ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። እሱ ውሃ መጠጣት ጀመረ።

እቅዱን የያዘው ራሱ ነው። ምን ይደረግ፣ ሙያው ነው። የከተማው አውቶብሶች ከየት ተነስተው መቼ የት እንደሚደርሱ ሲያወጣ የሚውል ሰው፣ ቤት ሲገባም አይለቀውም። ልጆቹ ጥርሳቸውን የሚቦርሹት በተራ ነው። «እኔ ሚስት ነኝ እንጂ ፌርማታ አይደለሁም!» ብለሽ የጮኽሽበትን ቀን ከመኝታዬ ሆኜ ሰምቼሻለሁ። እንዳልስቅ ትራሴን ነክሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ።

የፓርኩን ካርታ ከኢንተርኔት አሳትሞ መጣ፤ ጠረጴዛውን ሙሉ ይሸፍናል። ለያንዳንዳችን በባለ ቀለም እስክሪብቶ መስመር አሰመረልን። ቀዩ የትልቁ ልጅሽ፣ የጎረምሳው ነው። ጎረምሳው ከመላው ፓርክ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዘንዶው» የሚሉት፣ በሐዲድ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወር ባቡር። ሌላውን ሁሉ «የሕፃን ነው» ይለዋል። ከእኛ ጋር መታየትም አይፈልግም። «ራቅ ብዬ ከኋላ ብከተላችሁ ቅር ይላችኋል?» አለ። «እኛማ ደስ ይለናል፤ ከነሽታህ ራቅ በል» አልኩት። ጆሮ ማዳመጫውን መልሶ ሰካ።

አረንጓዴው የአለቃ ነው። ትንሹ ልጅሽ አለቃ ሆኗል፤ ቁርሱን እንኳ የሚበላው ትእዛዝ ሰጥቶ ነው። እሱ የሚፈልገው የሚዞሩትን ፈረሶች ነው፤ ያውም ነጩን ብቻ። ነጩ ሰው ከተቀመጠበት እስኪወርድለት ሰልፉ ይቁም ባይ ነው። ከምሳ በኋላ ካልተኛ ደግሞ ምን እንደሚያደርገን አንቺው ታውቂዋለሽ። የዘንዶው ሰልፍ የሚያጥረውም ልክ እሱ በሚተኛበት ሰዓት ነው። ሰማያዊው የጠበቃዋ ነው፤ እሷ ሁሉንም ትፈልጋለች፣ ለሁሉም ማስረጃ አላት። ደግሞ ትመዘዛለች እኮ! የዩኒፎርም ቀሚሷን እጥፋት ፈትቼ ፈትቼ የምፈታው አጣሁ። የእኔ መስመር ጥቁር ነው፤ ከአግዳሚ ወንበር ወደ አግዳሚ ወንበር፣ በመጸዳጃ ቤት በኩል። «ይሄ የመዝናኛ ነው ወይስ የቀብር?» ብዬ ጠየቅሁት። አልሳቀም።

እንዲህ እያለ እራት በተበላ ቁጥር ካርታው ይዘረጋል፣ ይጣላሉ፣ አለቃ ወተት ይደፋበታል፣ ይታጠፋል። ቀዩን ሲያስደስት አረንጓዴው ያለቅሳል። መንገዱ አለቀ ሲባል የሆቴሉ አልጋ ይነሳል። ጎረምሳው «ከአባባ ጋር አልተኛም፣ ያንኮራፋል» አለ፤ እኔን ማለቱ ነው። አለቃ «ከአባባ ጋር የምተኛው እኔ ነኝ፣ ግን ግድግዳው ጋ እሱ ይሁን» ብሎ አዘዘ። ባልሽ እስክሪብቶውን እንደያዘ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ከሥራ መጥቶ ያበስላል፣ ያጥባል፣ የጠፋችውን የአለቃን አንድ እግር ጫማ ሲፈልግ አልጋ ሥር ገብቶ እዚያው ትንሽ ተኝቶ ይወጣል።

እኔም ደክሞኛል፣ ልጄ። ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ቀልድም ለካ ይደክማል። ድሮ አንዷን ወርውሬ ቤቱን ሳስቅ አመሽ ነበር፤ አሁን ልጆቹ ለእኔ አዝነው ሲስቁ አያለሁ። ሽማግሌ ከዚህ በላይ ምን ያረጃል?

ከዚያ ደግሞ የቁመት ነገር መጣ። በዘንዶው ደጃፍ ላይ የቁመት ምልክት አለ አሉ። ከምልክቱ የሚያልፍ ልጅ ብቻውን ይሳፈራል፤ የሚያጥረው ግን አጠገቡ አዋቂ ካልተቀመጠ አይሳፈርም። ጎረምሳው ካለፈው ቆይቷል፤ አዋቂ ለመባል ግን ዕድሜው አልደረሰም። አለቃን ተዪው፣ ወንበር ላይ ቢቆምም አይደርስም። የቀረችው ጠበቃዋ ናት። «አባባ፣ ልብስ ሰፊው እርስዎ ነዎት፤ እስቲ ይለኩልኝ» አለኝ ባልሽ። ሜትሬን ከአንገቴ አወረድሁ። ጫማዋን አስወልቄ በሩ ላይ አቆምኳት፣ ጠመኔዬን አናቷ ላይ አጋድሜ አሰመርሁ። አየሁ። መነጽሬን ጠረግሁ። ደግሜ አየሁ። «የአንድ ጣት ውፍረት ይጎድላታል» አልሁ።

«ይግባኝ!» ብላ ጮኸች። «አባባ ዓይንህ ደክሟል!»

«ዓይኔ ቢደክም ሜትሩ አልደከመም» አልኳት።

ጎረምሳው ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ፤ ይህ ራሱ ተአምር ነው። «አባባ፣ አንተ እኮ ለሁላችንም ስትለካ ለማደጊያ ብለህ ትጨምራለህ። ሱሪዬ ሁልጊዜ እንደቀደመኝ ነው። የዛሬው እንዴት አጠረ?» አለኝ። «አንተ ዘፈንህን ስማ!» አልሁት። እውነቱን ነው፤ የልጅ ልብስ ስሰፋ በልኩ ቆርጬ አላውቅም፣ የሚያድግበትን አስተርፋለሁ። እናንተንም ያለበስኳችሁ እንዲሁ ነው። ልጅ አስረዘመ ተብዬ እንጂ ልጅ አሳጠረ ተብዬ ታምቼ አላውቅም ነበር።

እቅዱ እንዳለ ፈረሰ። ከጠበቃዋ አጠገብ ማን ይቀመጥ? እኔን እንዳትዪ፣ ልብና ደም ግፊት ያለበት ዝር አይልም። እኔ አለቃን ልያዝና አባትየው ከእሷ ጋር ይሳፈር እንዳይባል፣ አለቃ እጄን መንጭቆ ሲሮጥ በዚህ ጉልበት የት ልደርስበት? ባለፈው ገበያ መሃል አምልጦኝ፣ የጫማ ሱቅ መስታወት ውስጥ ከጫማዎቹ መሃል ተቀምጦ ነው ያገኘነው። ጎረምሳው ይያዘው ቢባልም፣ ጆሮ ማዳመጫው ከተሰካ ልጅ ቢጠፋም አይሰማም። ስለዚህ አባትየው ከአለቃ ጋር ታስሯል። መስመሮቹን ወዲህም ወዲያም ቢያዞራቸው አንድ አዋቂ ይጎድላል። ወንድሙን አሰበ። «እሱ ሊፍት ውስጥ እንኳ ያስመልሰዋል» አለች ጠበቃዋ። ጎረቤታችንን፣ ጡረታ የወጣችውን ነርስ አሰበ። «እሷ የሚጮህ ልጅ አትወድም፤ ካልጮኽን ደግሞ ለምን እንሄዳለን?» አለች። ከዚያ ሰሃኗን በማንኪያ እየቧጠጠች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ፣ «እማዬ አትፈራም» አለች።

አለቃ እንኳ ማዘዙን ተወ። ባልሽ ካርታውን አጥፎ ሰሃን ሊያጥብ ተነሳ።

በነጋታው ከሥራ ሲመለስ ከአውቶብሶቹ ጋራዥ የብረት ሜትር ተውሶ መጣ። እኔ ክፍሌ ነበርሁ፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ጠበቃዋን እዚያው በር ላይ አቆማት። «ቀጥ በዪ። አገጭሽን አውርጂ።» ብረቱ ሲሳብ፣ ሲመለስ ሰማሁ። ደግሞ ሳበው። ሳልዋሽሽ፣ ላብ አጠመቀኝ። ይህ ሰው ትንሽ የዘገየን አውቶብስ «በሰዓቱ ደረሰ» ብሎ የማይፈርም ሰው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «አንዳንዴ እንኳ እለፈው» እያለ ቢለምነውም አልፎ አያውቅም። ያንቺንስ ዕድሜ በሰው ፊት ቀንሶልሽ ያውቃል?

ወደ ክፍሌ ገባ። ሜትሩን በእጁ ያገላብጣል።

«ለካኋት» አለኝ።

«እሺ?» አልኩት።

ወለሉን እያየ «እርስዎ እንዳሉት ነው፣ አባባ። የአንድ ጣት ውፍረት ይጎድላታል» አለ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። በዚህ ሙያ ስኖር ብዙ ሰው ፊቴ ቆሞ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ውሸቱን አስለክቶኛል፤ እንደሱ የማይችልበት ግን ገጥሞኝ አያውቅም። እንደ ተውሶ ኮት ትከሻው ላይ አልቀመጥለት አለ። ምን ልበለው?

ቲኬቱን እዚያው አጠገቤ ተቀምጦ በስልኩ ቆረጠ። ልጆች ሦስት አለ። አዋቂ የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ፤ ከዚያ እሱንም ሦስት አደረገው።

«እኔ አለሁ፣ አንተ አለህ፤ ሦስተኛው ማነው?» አልሁት፤ አውቄ ነው።

«ምንጊዜም አንድ ተጠባባቂ አውቶብስ ይያዛል፣ አባባ» አለ።

«ልጄን አውቶብስ አልካት?»

ያን ጊዜ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና ዓይኑን በእጅጌው ይጠርግ ጀመር። እኔም ጨርቄ ላይ የሌለ ክር መልቀም ያዝሁ። ሁለት ወንዶች ሥራ ሲያጡ እንዲህ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ነይ ብዬ አልለምንሽም፤ በባልና በሚስት መካከል የእርጎ ዝንብ መሆን አልወድም። ያራቀሽ ነገር ትንሽ ነው ብዬም አላቃልልብሽም፤ ይህ ቤት ሰውን እንዴት እንደሚያደክም አሁን እኔም በአጥንቴ ገብቶኛል። የምንነሳው ትምህርት በተዘጋ ማግስት ጠዋት ነው። ካልመጣሽም እንሄዳለን። ጎረምሳው ብቻውን ይሳፈራል፤ ጠበቃዋ ከእኔ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ዘንዶው ባለፈ ቁጥር ቀና እያለች ታያለች። እኔ ቃሌን አላጥፍም፣ አባትየውም አያጥፍም። በልጅቷ ላይ ግፍ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አንዴ ተለካች።

ከመጣሽ ደግሞ እንደ ገባሽ ጠበቃዋን አጠገብሽ አቁሚያት። የዘንዶው ምልክት ትከሻሽ ጋ ይደርሳል፤ እሷ የት ጋ እንደምትደርስ እዪና ፍርዱን በሆድሽ ያዢው። ለእሷ ብቻ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ሁለታችንንም ትከሰናለች፣ ደግሞም ትረታናለች።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ። የተቀየምሽውን ያስረሳሽ፣ የናፈቀሽን አያርቅብሽ። ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። እህትሽን ሳሚልኝ።

ዓይኑም እጁም ያልሳተ፣
ሽማግሌው አባትሽ