ጨው ያጣ ባሕር

ሴንት ፖል፣ ሐምሌ 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ደሃብ፣

ሰላምታዬ አዲስ አበባ ድረስ በጤና ያግኝዎት። እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን።

ቅዳሜ ከወንድምዎ ከፍሰሃጽዮን ጋር የሱፒሪየርን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዘን ተጓዝን። ድራይቭ ያደረገው እሱ ነው። መንደር ባለፍን ቁጥር «ይቺ ሕርጊጎ ናት፤ ያቺ ዙላ» ይለኛል። የፈረሰ የድንጋይ ቤት ሲያይማ «አዱሊስ ደረስን!» አለ። በወጣትነቱ በእነዚያ የቀይ ባሕር ዳር መንደሮች በኩል፣ በምጽዋ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነውና ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ። ኋላ ወርዶ ውሃውን በእፍኙ ቀድቶ ቀመሰና «ጨውስ? ባሕሩን ምን አደረጋችሁት?» ብሎ ተቆጣኝ።

እኔም በዚህ ዕድሜዬ መንጃ ፈቃድ ላወጣ መኪና እየተማርኩ ነው፤ ይሳቁብኝ!

ጠዋት ጠዋት ስለ እርስዎ ይጠይቀኛል። ቪዛው እንደተገኘ የዚህን አገር የበረዶ ወራት ሳይጠብቁ ይምጡልን፤ ስምዎን እየጠራ ሳለ ይድረሱ።

አክባሪዎ ትብለጽ